በጾም የበላሁት ኪምቺ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ማቀዝቀዣ አንድ ጠርሙስ ኪምቺ፣ የኮሪያዎቹን የቦካ ጎመን፣ አንሥቼ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ በጀርባው የተጻፈውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው መስመር አነበብሁ። ውስጡ እየቦካ ክዳኑን አሳብጦት ስለ ነበር የነጭ ሽንኩርቱና የጎመኑ ጎምዛዛ ሽታ አምልጦ እጄ ላይ ቀረ፤ እኔም ይህን ያህል ዘመን ለማንም ያላወራሁትን ነገር እያሰብሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ወጣት ሳለሁ፣ ፍሌሚንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ብቻዬን እኖር ነበር። ሚስቴ ከሁለት ዓመት ልጃችን ጋር ናይሮቢ ሆና ቪዛ ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ ፖስተኛው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚመጣ እያወቅሁ የፖስታ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ እከፍታለሁ። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ አንዳች ሳላጎድል ልጹም፣ አንተም ሚስቴንና ልጄን በሰላም አምጣልኝ ብዬ ለእግዜር ተሳልሁ።

ጎረቤቴ ሚሲስ ሃን የተባሉ ኮሪያዊት መበለት ነበሩ፤ በልቤ ግን እትዬ ሃን እላቸው ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከፋብሪካ ተመልሼ ባዶ ሩዝ እንደምበላ ስላዩ፣ በየሰኞው አንድ ጠርሙስ ኪምቺ ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኝ ጀመር። ጎመኑ በጨው አድሮ፣ ታጥቦ፣ በበርበሬና በዝንጅብል ቅጠል በቅጠል ታሽቶ የሚቦካ ነው፤ በእርሳቸው ቤት ቁርስም ሆነ ራት ያለ እርሱ አይቀርብም። ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት፤ አገር ቤት ግዕዝ አስተምር የነበርሁት ሰው ከዚህ ሌላ ምን ልጠይቅ።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጎመን ተሸክሜላቸው ኩሽናቸው ገባሁ። ወደ በርበሬው የገለበጡት ነገር ጥቃቅን ጥቁር ዐይኖች ነበሩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ሽሪምፕ። በጨው የቆየ። ያለ እርሱ ኪምቺ አይጣፍጥም።» ፊቴን አይተው ሳቁ። «አይዞህ አስተማሪው፣ አትነክስህም።»

ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት፣ በጾም ቀርቶ በፍስክም የማልቀምሰውን፣ አራት ሳምንት ሙሉ በልቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ሚስቴ እንደገና የሕክምና ምርመራ እንደሚያስፈልጋትና ጉዳዩ እንደሚዘገይ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለቱን ነገሮች፣ የፈረሰውን ስእለትና የዘገየውን ቪዛ፣ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ዕለት ደጃፌ ላይ ያስቀመጡትን ጠርሙስ ሳልከፍት መለስሁላቸው።

«በርበሬው በዛብህ?»

ሆዴን አሞኛል አልኋቸው። በማግስቱ አጥሚት የመሰለ የሩዝ ሾርባ ይዘውልኝ መጡ፤ ምን እንዳለበት ስለ ፈራሁ ደፋሁት። ከዚያ ወዲያ ሲያንኳኩ ከበሩ ኋላ ትንፋሼን ውጬ እቆም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ማንኳኳቱም ቀረ።

የሜልበርን ክረምት ሳያልቅ ሚስቴና ልጄ መጡ። ነገሩን ሁሉ ስነግራት ሚስቴ ሻንጣዋን መፍታት አቆመች።

«ሳታውቅ የበላኸውን እግዜር ያውቃል» አለችኝ። «ለእሳቸው ግን ምን ብለህ ነገርካቸው?»

ልጃችንን አዝላ ወጣችና የጎረቤቱን በር አንኳኳች፤ የከፈተላት ግን የማናውቀው ሰው ነበር። እትዬ ሃን ሌላ ከተማ ወደሚኖር ልጃቸው ከሄዱ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር።

በዕድሜዬ ብዙ ጽፌአለሁ፤ «ይህን እኛ አንበላም» የምትለውን አጭር ቃል ግን በጊዜዋ ከአፌ አላወጣኋትም። እርሳቸውም የእጃቸውን ምግብ የተጸየፍሁባቸው መስሏቸው ሄዱ።