ላንቃዋ የጠቆረው ዳማ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ኮምቦልቻ የጎረቤቴ ልጅ ለአዲሱ ውሻው የተሰጠውን የዘር ወረቀት ይዞ መጥቶ አነበበልኝ። የእናቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ የትከሻው ቁመት፣ የጆሮው አቀማመጥ፣ የጅራቱ ርዝመት ሁሉ በማህተም ሰፍሯል። ሰምቼ ስጨርስ «ላንቃውስ?» አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ አየና ስለ ላንቃ የተጻፈ ነገር የለም አለኝ። እንግዲያው ጎዶሎ ወረቀት ነው፤ ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ከአያቴ ከአባ ይመር ጋር ነበር የምንኖረው። አያቴ ውሻ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ደረቱ የሰፋ፣ ሽንጡ የቀጠነ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ከኋላ እግሩ ትርፍ ጥፍር ያለው ውሻ ይመርጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን ላንቃ ነው። ላንቃው የጠቆረ ውሻ ጅብ አይፈራም ይባላል፤ ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። ውሻችንን ዳማን ከቢስቲማ በዘንቢል ሲያመጧት ቡችሎቹን አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ያላለቀሰችው እሷ ብቻ ነበረች አሉ። ሴት መሆኗን ያዩት በኋላ ነው፤ ቅር አላላቸውም።

ቤታችን የሙስሊም ቤት ነውና ዳማ ከደጅ አታልፍም። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የነካው ሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ስለዚህ በዓይኔ እወዳታለሁ እንጂ በእጄ አልነካትም ነበር። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የእርጥብ ፀጉሯ ሽታ እስከ መኝታዬ ይመጣል። ያን ሽታ እወደው ነበር።

አንድ ክረምት ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ለጥበቃ የሚሆን ውሻ ያለው ሜዳ አምጥቶ ያስመዝግብ፤ አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይታሰርለታል። ቆርቆሮ የሌለው በሳምንቱ በመርዝ ይገደላል። እሑድ ጠዋት ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ ሁሉም የራሱን ውሻ ያሞግሳል፣ አንዱ ስለ ክራንቻ፣ ሌላው ስለ ደረት። መዝገቡን የያዘው የሰፈራችን ሰው ጓድ ሰኢድ ነበር። ተራችን ሲደርስ ዳማን ዞሮ አያትና ሴት ውሻ አይመዘገብም፣ መውለድ እንጂ መጠበቅ አታውቅም አለ። አያቴ ላንቃዋን እይ አሉት። ሰኢድ ምራቋ እንዳይነካው እጁን ኪሱ ከተተ። የሌሎቹን ላንቃ የባለቤቶቹን ቃል አምኖ ነበር የመዘገበው፤ የእኛን ግን አላመነም፣ አፏንም አይከፍትም።

ደሜ ፈላ። ተንበርክኬ መንጋጋዋን በሁለት እጄ ፈለቀቅኩት። ትኩስ ምራቋ እስከ ክንዴ ወረደ። ላንቃዋ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ታየ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ኧረ ልጅቷ ነጀሰች ስትል ሰማሁ።

«ሴት ናት ብያለሁ» አለ ሰኢድ።

«ጅቡን ይጠይቁት» አልኩ እጄን ሳላወጣ። «ሴት ናት ብሎ ንቋት ያውቅ እንደሆነ።»

አያቴ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መሬቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና፣ «እጅ ይታጠባል፣ ሰኢድ። የሞተች ውሻ ግን በስንት ውሃ ትነሳለች?» አሉት።

ሰዉ ሳቀ። ሰኢድ ቆርቆሮውን ወረወረልኝ፤ ራሴ አሰርኩላት። መዝገቡን አጮልቄ ሳይ ግን «ወንድ» ብሎ ጽፏል። ሴት ናት፣ ያርሙት ልል አፌን ስከፍት አያቴ እግሬን ረገጡኝ። ያ ዝምታ እስካሁን ያንገበግበኛል። ቤት ስንደርስ ከደጃፉ አፈር ዘግነው፣ ጆጉን ይዘው፣ እስከ ሰባት እየቆጠሩ አስታጠቡኝ።

በጥቅምት ወንዱ ውሻችን አራት ወለደ። ጓድ ሰኢድ ይህን ሰምቶ መጣ። ጅብ በጎቹን ፈጅቶበት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሴቶቹ አንዷን ብትሰጡኝ አለ። አያቴ ወደ እኔ ጠቆሙት።

«አፏን ራስዎ ከፍተው ይዩ» አልኩትና ውሃና አፈር ላመጣ ገባሁ። ስመለስ ጣቱ ቡችላዋ አፍ ውስጥ ነበር።

አያቴም ዳማም ዛሬ የሉም። የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ የድሮ ሰው ወሬ ነው ብሎ ሳቀ። ውሻውን ጠርቼ አፉን ፈልቅቄ አየሁት፤ ላንቃው ቀይ ነው። ወረቀቱን በደንብ ያዘው አልኩትና ልታጠብ ተነሳሁ። ውሃው ከቧንቧ እንደ ልብ ይወርዳል፤ ግቢው ግን ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል። አንዲት እፍኝ አፈር ፍለጋ፣ ምራቅ የነካው እጄን ከፍ አድርጌ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር። ይየኝ።