የእህቴ የፊልም ልቅሶ

ልጅ እያለሁ የቤታችን ጣራ ያሳፍረኝ ነበር። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ትንሽ ሻል ያለው ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ የእኛ ሣር እንደሆነ ቀረ። አባቴ ሞቶ ስለነበር የሚከድንልን አልነበረም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭስ የጠገበው ሣር ሲርስ የሚሸተውን ሽታ እየማግን ነው ያደግነው። ታዲያ አንድ ጥቅምት፣ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው መጥቶ አጥራችን ሥር ቆመና አንዱ ባለ ባርኔጣ «ይኸው! ይኼ ነው ቤቱ!» ብሎ ጮኸ። ያን ቤት አይቶ የተደሰተ ሰው ሳይ ያን ቀን ገና መጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ግን ገና ከመኪና ሲወርዱ ነው ያላማሯት። ባለ ሦስት እግር ዕቃ አውጥተው ደጃችን ላይ ሲተክሉ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። እኛ አገር ያን ጊዜ ባለ ሦስት እግር ዕቃ የሚታወቀው መሬት ሊለኩ በሚመጡ ሰዎች ነው። በዚያ ላይ መንግሥቱ ገና አዲስ ነው፤ መሬት እንደገና ይሸነሸናል የሚል ወሬ ከገበያ ገበያ ይዞራል። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ «ባሌ ቢሞት መሬቴ አልሞተም!» አለቻቸው። ባለ ባርኔጣው ፊልም ሊሠሩ እንደመጡ ቢነግራት ይባስ ጠረጠረችው።

ነገሩን ያበረደው የእናቴ ወንድም መሪጌታ ነው። በደብሩ ቅኔ የሚያስተምር፣ የዓለም መጽሐፍም ካገኘ የማይምር ሰው ነበር።

«እኅቴ፣ መሬት ለኪዎች አይደሉም። የድሮ ዘመን መጽሐፍ ነው ፊልም የሚያደርጉት፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ድሃ ገበሬ ልጁን ለባላባት ሲድር ነው ታሪኩ።»

«እኔንስ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?»

«ቤትሽን ብቻ ነው የፈለጉት። ቆርቆሮ የሌለው ቤት አጥተው ነው።»

«አይ መሪጌታ! ድህነቴን በመኪና ጭነው ሊሄዱ ነዋ!»

ፈቀደች እንጂ አላመነቻቸውም። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ቆሎ በጉያቸው ይዘው አጥሩ ሥር መዋል ሆነ ሥራቸው። ሁሉም ዳኛ ሆኑ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሙሽራ የምትሆነው ልጅ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ «ባዶ ነው! ወገቧ መች ጎበጠ?» ይላሉ። ባላባት የሚሆነው ሰውዬ ደግሞ ቀጭን ነበር፤ ያስላል፤ ሲጋራውን ከአጥራችን ላይ ይተረኩሳል። «ከበቅሎ ሲወርድ እርካቡን በዓይኑ የሚፈልግ ባላባት የት አገር አለ?» አለች አንዷ። መሪጌታም አልቀረለት፤ «በመጽሐፉ ላይ ባላባቱ ወፍራም ነው፣ ዝምተኛም ነው። ይኼ ቀጭን ሆኖ ይጮኻል። ሰው የሚጮኸውን ባላባት አይፈራም» እያለ ባለ ባርኔጣውን እግር በእግር ይከተለዋል። ባለ ባርኔጣው ይስቃል፤ የሚሠራውን ግን ይሠራል።

አንድ ቡትቶ የለበሰ ሰውዬ ጓሯችን ውስጥ ሥራ ፈትቶ ሲቆም አይታ እናቴ ተቆጣችው። «አንተ፣ ቆመህ ከምታፈጥ ጥጃዋን እሰርልኝ!» አለችው። አሰረላት። ባቄላ ቆልታ በእፍኟ ሰጠችው፤ ቁጢጥ ብሎ በላ። በኋላ ባለ ባርኔጣው ጠርቶ ካሜራው ፊት ሲያቆመው እናቴ አፏን ያዘች፤ የባላባቱ አሽከር ሆኖ የሚሠራው እሱ ኖሯል። «ውይ በሞትኩት! እሱም አክተር ነው?» አለች። ከዚያ ወዲያ ፍርዷ አልተለወጠም፤ «ሌሎቹ አክተር መሆናቸው ከሩቅ ይታወቃል። እሱ ግን ጥጃ አስሮልኛል» ትል ነበር።

ነገር የመጣው በበቅሎ ነው። የአዲስ አበባዪቱ ልጅ ሙሽራ ሆና በቅሎ ላይ ልትወጣ ስትል በቅሎዋ ዘለለችባት፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኗትም እንቢ አለች። ባለ ባርኔጣው ዞር ዞር ብሎ ታላቅ እህቴን አያት፤ የሻረግን። «ትሸፈናለች፤ ማንም አያውቃትም። በቅሎ ላይ ተቀምጣ እስከ ቁልቁለቱ ብቻ» አለ።

እናቴ ብድግ አለች። የሻረግ ታጭታለች። ከፈረስ ቤት ከተማ ወዲህ ያለ የደህና ሰው ልጅ ነው እጮኛዋ፤ አባትየው አያ ዳምጤ ይባላሉ። በእኛ አገር ልጅቱ በሙሽራ ልብስ የእናቷን ደጃፍ ከተሻገረች ከቤት ወጣች፣ ተዳረች ነው የሚባለው፤ ጨዋታ ነው ቢሉ ማን ይሰማል? መሪጌታ «ጸሎት የለው፣ ቃል የለው፣ ምን አለበት?» ቢላት እንኳ በቀላሉ አልተረታችም። በመጨረሻ ግን ዘዴ አበጀች። የሻረግ በዘወትር ቀሚሷ ከቤት ትወጣለች፤ የሙሽራውን ልብስ አጥር ሥር ትለብሳለች፤ በቅሎ ላይ የሚያወጣት አጎቷ መሪጌታ ነው፤ ባላባቱ አጠገቧ እንዳይደርስ። እንደዚያው ሆነ። እኔም ከሴቶቹ መሀል ቆሜ አየሁ። ተሸፋፍና ቁጭ አለች፤ መንገዱን ይዛ ትንሽ እንደሄደች ንፋስ መጣና ነጠላዋን ገለበው። ባለ ባርኔጣው ደስ ብሎት ሲዘል አየሁ እንጂ ፊቷን አላየሁም፤ ጀርባዋን ነበር የሰጠችን።

ፊልሙ በዓመቱ ኅዳር ላይ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። የሻረግ ሠርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። ወሬው ከፊልሙ ቀድሞ ፈረስ ቤት ገባና አያ ዳምጤ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሳይቀመጡ ነው የጀመሩት።

«ልጅዎ አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ከቤት ወጥታለች የሚል ሰማን።»

«አልወጣችም፣ አያ ዳምጤ። ልብሱን እንኳ ያለበስኳት ከውጭ ነው። መሪጌታ ይመስክር።»

«መሪጌታ አጎቷ ነው። ፊልሙ አለ አይደል? እሱ ዘመድ የለውም። እንየው።»

በገበያ ቀን ሁላችንም ፍኖተ ሰላም ወረድን። ቪዲዮ ቤቱ በሸራ የተጨለመ፣ የላብና የጄኔሬተር ነዳጅ የሚሸት አዳራሽ ነበር። አግዳሚው በከተማ ጎረምሳ ተሞልቷል፤ ከፊት አስቀመጡን። የሻረግ እናቴና እኔ መሀል ሆና እጄን ይዛለች። እናቴ በሹክሹክታ «ጌታዬ፣ መጥፎ አድርጋ ሠርታው ባገኘሁ» ስትል ሰማኋት። ደህና ከሠራችው እውነት ይመስልባታልና የልጇ መዳኛ ጨዋታውን አለመቻሏ ነበር።

መጀመሪያ ግን ጉድ ያየነው በሌሎቹ ነው። ያ ሲያስል የከረመ ቀጭን ሰውዬ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲመጣ ፊቱ ሳጥኑን ሞላው። ቃል ሳይናገር ቀና ብሎ ሲያይ ጎረምሳው ሁሉ ጸጥ አለ፤ እኔ እህቴ ብብት ውስጥ ገባሁ። መሪጌታ ራሱን እየነቀነቀ «በሉ ተሳስተናል። እኛ ግቢ የዋለው ገለባው ነው፤ ፍሬው እዚህ ውስጥ ነው ያለ» አለ። ጥጃ ያሰረው የእናቴ አሽከር ግን ከባላባቱ ኋላ ሽው ብሎ ያልፋል እንጂ ማንም ልብ አላለውም። «ወይኔ፣ ሰውየው ጠፋ!» ብላ አዘነች።

ከዚያ ሠርጉ መጣ። ከእኛ ሣር ቤት፣ ከእኛው በር፣ የተሸፈነች ሙሽራ እልልታ እየተከተላት ደጃፉን ተሻገረች።

«ወጣች!» አሉ አያ ዳምጤ፣ በከዘራቸው መሬቱን መትተው።

«እሷ አይደለችም! በሩ ላይ ያለችው አዲስ አበባዪቱ ናት!» አለች እናቴ።

«በቅሎዋ ላይስ ያለችው?»

«በቅሎዋ ላይ ያለችው የእኔ ናት።»

«አንቱ፣ ከበሩ እስከ በቅሎው መች ሰው ተቀየረ? አብረን አይደል የምናየው?»

እውነት ነው፤ እኛ እያወቅን እንኳ ፊልሙ ላይ ሲያዩት የበሩዋም የበቅሎዋም አንድ ሰው ናት። ይኼኔ ንፋሱ መጣና ነጠላው ተገለበ። የሻረግ ናት። ድምፅ የላትም፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ አንዲት እንባ ከጉንጯ ቁልቁል ትወርዳለች። ከኋላችን አንዲት ሴት ስቅ ብላ አለቀሰች። ከጎረምሶቹ አንዱ ቀስ ብሎ «አቦ፣ ይቺ ናት አክተር» ሲል ተሰማ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

አያ ዳምጤ ተነሥተው የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት «መልስልኝማ፣ ልጄ» አሉት። ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው። አቤት ያየነው! እንባዋ ከአገጯ ተነሥቶ በጉንጯ ሽቅብ ወጣና ዓይኗ ውስጥ ተመልሶ ገባ። እንደገና ለቀቀው፤ ወረደ። እንደገና አስመለሱት፤ ወጣ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። አያ ዳምጤ ዓይናቸውን ሰክተው አዩ፣ አዩና ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። ከአዳራሹ ወጥተን ፀሐዩ ላይ ስንቆም ለእናቴ እንዲህ አሏት፦

«ከቤት ወጥታለች አልልም፤ እሱን ለእርስዎ አምኛለሁ። ግን ሰው ሳይሞትባት፣ ሳይመቷት፣ እንዲህ አድርጋ ማልቀስ የምትችል ልጅ እኛ ቤት ገብታ ስታለቅስ ምኗን እናምናለን? ስትስቅስ? ይቅርብን። በሰላም እንለያይ።»

ነጠላቸውን አጣፉና ሄዱ። እጮኝነቱ እዚያው ገበያ ዳር ፈረሰ።

ወደ ማንኩሳ ስንመለስ መሪጌታ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሴቶቹ ኋላ ነን። እናቴ ሐሜቱ ታይቷታል፤ ከእንግዲህ ይቺን ልጅ ማን ደጅ ይጠናል ብላ ፈርታለች። አቧራውን በእግሯ እየመታች «ማልቀሱን ማን አስተማረሽ? ባለ ባርኔጣው ነው?» አለቻት።

«ማንም አላስተማረኝ።»

«ታዲያ እንዴት ሠራሽው?»

«አልሠራሁትም፣ እናቴ። በቅሎዋ ስትነሣ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ነበር የዞረችው። የእውነቱ ቀን ታየኝ።»

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። «አልፈልግም ብለሽ አታውቂም እኮ!»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች የሻረግ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲሁ ነው ያለችው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንገዱን ቀጠለች። የሻረግ በኋላ ቡሬ አክስታችን ዘንድ ሄደች፤ ስፌት ተማረች፤ ባሏንም ራሷ ናት የመረጠችው። ፊልም ግን ማየት አትወድም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። መጽሐፍ ባላነብም የድሮ ዘመን ድራማ በቴሌቪዥን ሲመጣ በፍርድ የሚቀድመኝ የለም። «ይኼ ካባ ተውሶ ነው፣ ትከሻው አያውቀውም»፣ «ይቺ ሐዘንተኛ ቅንድቧን ተቀንድባለች» ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። የአሁን ልጆችንማ ምን ይደንቃቸዋል? በየስልካቸው ይቀረጻሉ፤ ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ፣ አጥፍተው እንደገና ሲስቁ። በእኛ ጊዜ በአንዲት እንባ ሽማግሌ ተቀምጦባታል፤ ይመለስ፣ ይታይ ተብሏል። የአሁኑን ማን ቆሞ ያየዋል?

ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ልጄ ሽማግሌ መጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ናት። ልጁ ደህና ነው ይላሉ። ተጠርታ መጣችና «እሺ» አለች፤ ፈገግ ብላ። እንዲያ ያለ የሚያምር ፈገግታ አይቼባት አላውቅም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የማላውቀውን ሰው ውሸት ከቴሌቪዥን ላይ የምለቅም ሴት የወለድኳትን ልጅ ፊት ማንበብ አቃተኝ። እናቴም ያን ጊዜ እንዲህ ነበረች ማለት ነው፤ እኔ ግን ጨካኝ ትመስለኝ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ «ገና ነው፣ አልጨረስንም» አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ ባሌም አኮረፈ። ልጄ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆሜ «ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ካልሽ» አለችኝ፣ አሁንም ፈገግ ብላ።

ይኼ መልስ አይደለም። ነገም እጠይቃታለሁ።