በሁለት ዳስ የተደገሰው

በቀደም ጀውሃ ላይ አውቶቡሳችን ለምሳ ሲቆም ከአንዱ ምግብ ቤት የፍየል ቅቅል ሽታ መጣብኝ። ርቦኝ ነበር፤ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ረዳቱ «እህቴ፣ ምሳ አትበይም?» ቢለኝ «ጠግቤያለሁ» አልኩት፤ ውሸቴን ነው። ያ ሽታ ከቆላው ወበቅ ጋር ሲደባለቅ ወዴት እንደሚወስደኝ ላጫውትህ።

ወጣት ሳለሁ ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ማሾ በሚበጠርበት ፋብሪካ ነበር የምሠራው። አብዛኞቻችን ከቀወት ገጠር የመጣን ነን፤ አባቶቻችን ማሾ ዘሪ፣ እኛ ማሾ ለቃሚ። ቀኑን ሙሉ ጠጠርና የተሰበረ ፍሬ ስንለቅም አቧራው ከአፍንጫችን አይወጣም፤ ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል። ከጎኔ የምትለቅም አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሳቋ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ይሰማል። ዛሬ የት አገር እንዳለች አላውቅም፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ተበታትነናል።

አንድ ቀን ከሞተሩ ሥር የፈሰሰ እህል ልትጠርግ ጎንበስ ስትል፣ መከለያ የሌለው ቺንጋ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቀኝ እጇን ጎተተው። ጩኸቷን ልነግርህ አልችልም። አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታ ከሐኪም ቤት ስትመለስ፣ ባለፋብሪካው «ከእንግዲህ ለቀማው አይሆንሽም» ብሎ አሰናበታት።

ማጉረምረም ጀመርን። ባለፋብሪካው የአገሩ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ማጉረምረማችን ጆሮው ሲደርስ አገሩ የሚያደርገውን አደረገ፤ ድግስ ደገሰ። ለክርስቲያኖቹ በሬ፣ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ደግሞ የእኛው ሰው ያረደው ፍየል። በግቢው ሁለት ዳስ ፊት ለፊት ተጣለ። ልጅቷንም በባጃጅ አስመጣት።

እኛ አገር ሥጋው ከተበላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። በዳይ ያርዳል፣ ተበዳይ ይቀምሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር ማንሳት ነውር ነው። ይህን እኛም እሱም እናውቃለን። ከለቃሚዎቹ በዕድሜ ትልቋ፣ አንዲት ክርስቲያን እናት፣ እጃችንን ስንታጠብ በመካከላችን እያለፉ «ልጅቷ ትመለስ፣ ቺንጋው ይከለል። እሱ እሺ ሳይል የቀመሰ፣ ጣቷን እንደበላ ይቁጠረው» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ሁላችንም ግን ሰማን።

ትሪው ቀረበ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ ርቦት ከሆነስ? ቁርስ ሳይቀምስ የመጣው ብዙ ነው። እኛ እነሱን እናያለን፣ እነሱ እኛን ያያሉ። ከኋላዬ አንዱ ጫኝና አውራጅ «ወላሂ፣ እነዚያ ከጀመሩ ጉድ ሆንን» አለ፤ ማዶም ስለ እኛ ይህንኑ ይሉ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። አንድ ልጅ እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሰመው። የሚበላው ዝንብ ብቻ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ እናቴ የምትኖረው በእኔ ደመወዝ ነበር።

«ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?» አለ ባለፋብሪካው። ፈገግታው እየጠፋ ሄደ። ከዚያ ያላሰብነውን አደረገ፤ እጁን በፊታችን ታጠበ፣ ከእኛው ትሪ ጠቀለለ፣ ጉርሻውን ይዞ ወደ ልጅቷ መጣ። የተጎዳ እጇን በሻርፗ ሸፍና ከጎኔ ተቀምጣለች።

«በሞቴ ልጄ፣ ቅመሽልኝ።»

የትልቅ ሰው ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ያውም በሞቴ ተብሎ! ትከሻዋን ከትከሻዬ ጋር አጣበቀች። ማዶ ያሉት ሁሉ ቆመው ያያሉ። መረቁ በእጁ ላይ ወርዶ የሸሚዙን እጅጌ አራሰው።

«ጋሼ» አለች፤ ድምጿ ሰልሏል። «አያጉርሱኝ። ሥራዬን ይመልሱልኝና እኔው ራሴ እበላለሁ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁለቱን ዳስ ዞሮ አየ፤ የሚያኝክ አፍ ፈለገ፣ አላገኘም። ጉርሻውን ትሪው ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳያይ «ሰኞ ግቢ» አላት።

«ቺንጋውስ?» አሉ እኚያ ትልቋ እናት ከማዶ።

«ይከለላል!» ብሎ ጮኸ።

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም እጁን አልሰደደም። ሁሉም እሷን ጠበቀ። ሻርፗን ፈታች። እጇን ገልጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ልጠቀልልላት ስል በክርኗ ገፋችኝ። «ቢስሚላህ» ብላ በቀሩት ጣቶቿ እንጀራውን ቆረሰች። ወደቀባት። ሁለት ዳስ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አደረገ።

ደግማ አነሳችው።