ሦስት ደቂቃ በሻሸመኔ መሥመር

እልፍነሽ በናዝሬት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና በሠራችባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት፣ የግራ ክርኗ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀኟ ገመድ ትሰካለች፤ በግራዋ ክርኗን ተደግፋ፣ የላላውን ማዳመጫ ከጆሮዋ ጋር አጣብቃ ትይዛለች። ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ ስንቱን ሰው አገናኝታለች! ታዲያ በ1973 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ትደነዝዝ ጀመር፤ ቀጥሎ የቀለበት ጣቷ። «ብርድ ነው» ብላ ናቀችው። አንድ ማለዳ ግን የላምባ ምድጃው ላይ ሻይ ጥዳ ሳለ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ዞር ብላ ብታይ የሚቃጠለው የራሷ ጣት ነው። ጮኸች፤ የጮኸችው አሟት ሳይሆን ስላላመማት ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ሥጋ የሚያደነዝዝ፣ ጣት የሚያቆለምም በሽታ እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ስሙን በሆዷ እንኳ ለመጥራት አልደፈረችም። በዚያ ላይ የወለንጪቲው መምህር ቀነዓ ልጇን ፀዳለን ሊያገባ ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ቆርጧል። ሽማግሌ ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ዘር ይቆጥራል፣ «ቁምጥና አለባቸው ወይ?» ብሎ ጎረቤት ያጠያይቃል። አንዴ «አለባቸው» ከተባለ ፀዳለ ቆማ መቅረቷ ነው። እልፍነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ትውል ጀመር።

መደበቁ ሲያቅታት ዶክተር ሙሉብርሃን ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ገላዋን አየ፣ ቆዳዋን በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገ። ክርኗን ከውስጥ በኩል ጫን ሲያደርገው እስከ ጣቷ ጫፍ ነዘራት።

«ያሰቡት በሽታ አይደለም፣ ወይዘሮ እልፍነሽ። በክርንዎ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ታፍኖ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ በቀዶ ጥገና ይለቀቃል።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

ሐኪሙ ትንሽ አመነታ። «የእጅ ነርቭ የለመደው ዶክተር ገሠሠ ነው። ሻሸመኔ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል። ነገ ጠዋት ደውዬ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏል ይኼ ነው። በሽታው ካልሆነ ወደዚያ ግቢ ምን ያስኬዳታል? ደግሞስ ሐኪም ለታማሚው እውነቱን መቼ ይነግራል! መርዶ እንኳ በዘመድ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተኪዶ ነው የሚነገረው። እያባበለ ሊያስገባኝ ነው፣ አለች በልቧ።

በማግሥቱ ጠዋት ተረኛዋ እሷ ነበረች። ሻሸመኔን ጠርታ ዶክተሩን አገናኘች። ደንቡ ካገናኙ በኋላ ከመሥመሩ መውጣት ነው። የሰው ስልክ ማዳመጥ በዚያ ዘመን ከሥራ በመባረር ብቻ አያልቅም፤ ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ። የፈረቃ ኃላፊው አብተው ከኋላዋ ይመላለሳል። እልፍነሽ ግን አልወጣችም። ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች።

«ደዌ ነው?» አለ የሻሸመኔው ሐኪም።

«አይደለም፤ እርግጠኛ ነኝ። ክርኗ ላይ ነው የታፈነው። ግን ዘግይታለች፤ የእጇ ሥጋ መሟሸሽ ጀምሯል። ቀዶ ጥገናው ቢደረግላትም ጣቶቿ ላይመለሱ ይችላሉ።»

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም። በጣም ፈርታለች።»

ደስታውም ድንጋጤውም አንድ ላይ መጡባት። ሰዓቱ ግን ለማንም አይቆምም፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ማስታወቅ ሥራዋ ነው፣ አብተውም አጠገቧ ቆሟል።

«ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?» አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

ዶክተር ሙሉብርሃን ድምፅዋን ለየው፤ ሁሉን እንደሰማችም ገባው።

«ወይዘሮ እልፍነሽ... እርስዎ ነዎት?»

«ይቀጥሉ፣ ዶክተር» ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ እየመሰላት ስትባንን ሰነበተች። ሐኪሞቹ ግን ነገሩን በሆዳቸው ያዙት።

በሳምንቱ ለቀበሌ «ዘመድ ጥየቃ» ብላ የይለፍ ወረቀት አወጣችና ሻሸመኔ ወረደች። ብብቷ ሥር በመርፌ አደንዝዘው፣ በጨርቅ ከልለው፣ ነቅታ ሳለች ቀደዷት። ሕመም የለም። ክንዷ ሲጎተት ግን ይታወቃታል፣ መቀሱ ሲቆርጥ ትሰማለች። የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምራ አንዱንም አልጨረሰችውም።

«ነርቩ ተጨፍልቋል» አለ ዶክተር ገሠሠ ከጨርቁ ወዲያ። «የተጫነውን ነገር ቆርጬ ነርቩን ወደ ፊት አዛውሬዋለሁ።»

«ጣቶቼ ይመለሳሉ?»

«አላውቅም። እርስዎን መሸንገል እንደማያዋጣ ሰምቻለሁ።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ቢዋሻት ይሻላት ነበር።

ናዝሬት ቤቷ ተመልሳ፣ ክንዷ እንደታሰረ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሦስት ናቸው። ታላቁ ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ አጠገባቸው የወለንጪቲው የቀበሌ ሊቀ መንበር አቶ ነጋሳ ተቀምጠዋል። ኦቦ ጉደታ ክንዷን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ ሻሸመኔ፣ እዚያ ግቢ ታዩ ይባላል።»

«ወድቄ ነው» ልትል ነበር የተዘጋጀችው፤ አሁን አያዋጣም። ስለ ነርቩ፣ ስለ ክርኗ፣ ሐኪሙ ስላለው ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ሐኪም ያጽናናል እንጂ መች እውነት ይናገራል» አሉ ኦቦ ጉደታ በሐዘን፣ ሊነሡ ከዘራቸውን እየጨበጡ። ፀዳለ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እልፍነሽ አቶ ነጋሳን አየች።

«ለእኔ የነገረኝን ብቻ ይዤ አይደለም» አለች። «ለሌላው ሐኪም በስልክ ሲነግረው በጆሮዬ ሰምቼ ነው። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።»

እዚያ ቤት ውስጥ የእልፍነሽን ሥራ የማያውቅ፣ ይህ ቃል የሚያስከትለውንም የማያውቅ ሰው አልነበረም። አቶ ነጋሳ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ መስኮቱ ሄደው ዘጉት፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ነርቭ ነው ብለውናል፤ ሌላ የሰማነው ነገር የለም» አሉ። «በሉ፣ ወደ መጣንበት ጉዳይ እንግባ።»