መቶ ሲል ጨርሷል

ሰው አላምንም። ይህን የምናገረው እንደ ጉራ ሳይሆን እንደ በሽታ ነው። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለች አንዲት የትራንዚት ቢሮ ስሠራ በሽታዬ የሥራ ባልደረባዬን ሊያስባርራት ምንም አልቀረውም ነበር።

ሥራችን የመርከብ ሰነድ ነው። ሰነዶቹን ስካን አድርገን አዲስ አበባ ላለው ዋናው ቢሮ እንልካለን፤ እዚያ ካልደረሱ ዕቃው አይለቀቅም፣ መኪናውም ከግቢ አይወጣም። የምንልክበት ፕሮግራም ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ነው። ፋይሉ ሲሄድ ፐርሰንቱን ይቆጥራል፣ ፍጥነቱን ያሳያል፣ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ሌላ ቁጥር ይደረድራል። ፕሮግራሙ የመጣ ሰሞን አጠቃቀሙን በአማርኛ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። በቅንፍ ስላለው ቁጥር ምንም አላልኩም፤ እኔም አላውቀውም ነበርና።

ባልደረባዬ ከድሬዳዋ ነጋዴ ቤተሰብ የመጣች ልጅ ናት፤ አርሂባ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። የመኖሪያ ፈቃዷ የተያያዘው ከዚህ ሥራ ጋር ነው። ሥራውን ካጣች ወደ ድሬ መመለሷ ነው።

የምንልከው በየተራ ነበር። በእኔ ተራ ሁሉም ይደርሳል። በእሷ ተራ አዲስ አበባዎች ይደውሉና «ግማሹ የለም» ይሉናል። እሷ ደግሞ «ወላሂ ልኬያለሁ! መቶ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ» ትላለች። ስትምል ይበልጥ ጠረጠርኳት። እውነት የያዘ ሰው ምን ያስምለዋል?

ስልክ በሶማልኛ ስታወራ እኔ ከገባሁ ድምጿን ትቀንሳለች። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ትራንዚት የከፈተ ዘመድ እንዳላት ስሰማ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ መሰለኝ፦ ሰነድ እያስቀረች ደንበኞቻችንን ታማርራለች፣ ዘመድዋ ደግሞ ይቀበላቸዋል። የምትወጣበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሯን ዘግታ ለምሳ ትወጣለች፤ አንድም ቀን አታዛንፍም። አለማዛነፏም አጠራጠረኝ።

አንድ ቀን በእሷ ተራ ሰነዱ ሳይደርስ ቀርቶ አንድ ሾፌር ጭነቱን እንደያዘ በጅቡቲ የሐምሌ ፀሐይ ሲጠበስ ዋለ። አለቃችን ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«ሆን ብላ ነው» አልኳቸው። ማስረጃ አልነበረኝም፤ አፌ ግን አላመነታም።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ተራዋ አጠገቧ ተቀምጠህ እጅ ከፍንጅ ያዝልኝ። ያን ጊዜ አሰናብታታለሁ።»

በተራዋ ቀን ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን እንደመጣሁ ገብቷታል፤ ቀና ብላም አላየችኝ። የመውጫ ሰዓቷ ሲደርስ ፐርሰንቱ መቶ እስኪል ጠበቀችና እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደች። ያኔ ከታች አዲስ መስመር ብቅ አለ፤ ፐርሰንቱም ከዜሮ ጀመረ።

«ቆይ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ደጋግሞ ሲያጣራ ነዋ። አቦ፣ ያንተ ወረቀት አይደል እንዴ የሚለው?» ብላ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ።

«መቶ ሲል ጨርሷል» ይላል፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

የፕሮግራሙን መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ አነበብኩ። መቶው የዚያ የአንዱ ፋይል ብቻ ነው። ስንት ፋይል እንደቀረ የሚናገረው በቅንፍ ያለው ቁጥር ነበር። የእኔ ሁልጊዜ የሚደርሰው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። አለቃችን በምሳ ሰዓት ኮምፒውተር ሁሉ ይጥፋ ብለዋል። እሷ ትታዘዛለች። እኔ ሙቀቱን ሸሽቼ ምሳዬን ቢሮ ስለምበላ አላጠፋም፤ ፋይሎቹም እኔ ስበላ ይሄዳሉ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ወረቀቱን ቀድዶ መጣል ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ገንጥዬ ይዤው አለቃችን ቢሮ ገባሁ።

«ጥፋቱ የዚህ ነው» አልኳቸው።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ስለ ልጅቷ ያልከኝስ?»

ያለ ማስረጃ እንደተናገርኩ ነገርኳቸው። ልጅቷ ከሥራዋ ሳትነሳ ቀረች።

አዲሱን ወረቀት አብረን ጻፍነው። «መቶውን አትመኑ» ብዬ ስጀምር አስቆመችኝ።

«እሱን አውጣው። መቶው አልዋሸም፤ የምን መቶ እንደሆነ ያልጻፍከው አንተ ነህ።»

እሷ እንዳለችው ጻፍኩ፦ መቶው የአንዱ ፋይል ነው፤ በቅንፍ ያለው የቀረው ነው፤ ዜሮ ሳይሆን አታጥፉ።

ከዚያ ወዲህ ሰነድ ጎድሎ አያውቅም። እሷ ግን በተራዋ ቀን ሁሉ ዜሮው የሚታይበትን ስክሪን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። አልጠየቅኳትም።

«ተይ እንጂ፣ አምንሻለሁ» አልኳት አንድ ቀን።

«ዛሬማ ታምነኛለህ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ነገ አዲስ አበባዎች ሲደውሉስ?»

ራሴን ስለማውቀው ዳግመኛ «ተይ» አላልኳትም።