ሦስት ዓመት የደረቀው ቦኖ

ስንታየሁ ተሰማ የኤሌክትሪክ ትምህርቷን ደብረ ብርሃን ጨርሳ ቀወት ወረዳ ወዳለው የወላጆቿ ቀበሌ ስትመለስ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀበሌው ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። በዚያ ዓመት በልግ የሚባል ነገር አልመጣም። ማሾ የዘራ ሰው ዘሩን እንኳ ሳይመልስ ቀረ። ወንዙም ሳስቶ ስለነበር እንደ አባቷ እንደ ጋሽ ተሰማ ያሉ ሽንኩርት አምራቾች ለውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ናፍጣ ፍለጋ ጀሪካን አንጠልጥለው ይንከራተቱ ነበር።

ቀበሌው መሐል በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቦኖ ነበረ። አንድ ፕሮጀክት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ስድስት ፓኔል ሰቅሎ፣ በጭብጨባ አስመርቆት ሄደ። ቦኖው ስምንት ወር ውሃ ሰጥቶ ቀጥ አለ። ሴቶቹ እንስራና ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ተመለሱ። ሦስት ዓመት ሲሞላው አገሩ ስድብ አወጣለት፤ ሥራ የማይወድ ሰው ሲታይ «ምን እንደ ሶላር ትገተራለህ?» ይባል ጀመር።

ስንታየሁን ይህ ስድብ አንገበገባት። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂውን አብሮ አደጓን ሚልኪያስን፣ ባጃጁ ላይ ተሳፍራ ሳለ፣ «ፀሐይ እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን አለው? ያንን ቦኖ እናስነሳው» አለችው።

«ተይ እባክሽ» አለ ሚልኪያስ። «አየሩን ያበላሹት ባለ ፋብሪካዎቹ ናቸው። እኔ በዚህች ባጃጅ ጭስ ነው ዓለምን ያሞቅኳት? ያበላሹ ያስተካክሉ።»

«አንተ አላሞቅካትም፤ የነደደው ግን የአባትህ ማሽላ ነው። እነሱ እስኪያስተካክሉ ምን ልትጠጣ ነው?»

«ዐረብ አገር ሄጄ የታሸገ ውሃ እጠጣለሁ» አለና ሳቀ። ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከእኩዮቻቸው ግማሹ ልባቸው ሸፍቷል፤ ዝናቡ ከሄደ እኛስ ምን እንጠብቃለን ይላሉ።

የቦኖው ቁልፍ ያለው ከቦኖው አጠገብ የሚኖሩት የውሃ ኮሚቴ አባል እትዬ በላይነሽ ዘንድ ነበር። ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ስንታየሁ ሄዳ ለመነቻቸው።

«ልጄ፣ ኢንጂነሮቹ አቅቷቸው የሄዱትን አንቺ ልትሠሪው?»

«አላቃታቸውም እትዬ፤ ተመልሰው አልመጡም እንጂ። ይስጡኝና ልየው።»

ሰጧት። የፓምፑን መቆጣጠሪያ ሳጥን ከፍታ ስታይ ሽቦውን አይጥ በልቶታል። በቃ፣ ይኸው ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ሴት ወንዝ ያመላለሰው! ደስታዋ ልክ አጣ። አዲስ ሽቦ ዘረጋች፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሰው ጠራች። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሁሉም ተሰበሰበ። ማብሪያውን ስትጫነው ሳጥኑ ጧ! አለና ጢሱ በክዳኑ ቀዳዳ ተትጎለጎለ።

ሰው ሳቀ። ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ስንታየሁ ጥፋቱ ወዲያው ገባት፤ ከጥድፊያዋ ብዛት ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አቀያይራ አስራዋለች።

ሚልኪያስ ጠጋ ብሎ፣ «ዕቃው አርጅቷል በያቸው፤ ማን ያውቅብሻል?» አላት።

እውነቱን ነው፣ የሚያውቅባት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ስታሰላስለው ዋለች። በማግስቱ ማለዳ እትዬ በላይነሽ ደጅ ቆማ፣ «ሳጥኑ አርጅቶ አይደለም። ሽቦ አቀያይሬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለችና ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

ሴትዮዋ ቁልፉን ሳይቀበሉ ትክ ብለው አዩዋት። «ቦኖው የቆመ ጊዜ በየቢሮው ዞርን። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል አንድ ሰው አጣን» አሉ። «አሁን አገኘን። ቁልፉ አንቺው ጋ ይሁን።»

በዚያው ቀን የተቃጠለውን ሳጥን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሚኒባስ የጣርማ በርን ዳገት ወጥታ ደብረ ብርሃን ገባች። እዚያ ያስተማሯት መምህር ሰይፉ ሳጥኑን ፈትተው ካዩ በኋላ መፍቻውን መልሰው በእጇ አስያዟት። «የነደደውን አንቺው ፈልጊው» አሏት። ሁለት ቀን ፈጀባት። ከተጣለ አሮጌ ዕቃ ላይ መለዋወጫ እየፈታች ተካች፤ ስህተት ሲኖር ራሱ ተቃጥሎ ሳጥኑን የሚያተርፍ ፊውዝም ጨመረችበት። «ሰው ይሳሳታል፤ ፊውዝ የተሠራው ለዚያ ነው» አሏት መምህሩ ሲሸኟት።

በሁለተኛው ሙከራ ሰው አልጠራችም። ሚልኪያስ ብቻ ሳይጠራ መጣና ፓኔሎቹ ላይ የተጋገረውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እሷ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ሦስት ሦስት ጊዜ ለካች። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነችው። ቧንቧው አንዴ ሳል እንደያዘው ሰው አንገራገረ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ ተፋ፣ ቀጥሎም ጥርት ብሎ ወረደ። እትዬ በላይነሽ ከደጃቸው ሆነው እልል ሲሉ ሰው ከየአቅጣጫው ጀሪካን ይዞ ጎረፈ።

ጋሽ ተሰማ ወረፋው ሲቀል መጡ። ፊታቸውን ታጠቡና፣ «እንዲህ ያለው ለሽንኩርቱም ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ይኸ ለመጠጥ ነው አባዬ። ለሽንኩርቱ ብዙ ፓኔል፣ ብርቱ ፓምፕ ይፈልጋል።»

«ብቻዬን አልችለውማ!»

«ብቻዎን መቼ አልኩ?»

አሁን ስንታየሁ ሚልኪያስንና ሁለት ሴቶችን የቦኖውን ጥገና ታስተምራለች። ሚልኪያስ ቃሉን አልቀየረም፤ የጥፋቱን ካሣ ያጠፉት ይክፈሉ ይላል። እሷም በዚህ አትከራከረውም። ፓስፖርቱን አውጥቷል፤ የሚሄድበትን ቀን ግን ከመናገር ተቆጥቧል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጋሽ ተሰማን ጨምሮ ሰባት ሽንኩርት አምራቾች ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በጋራ ስለሚተክሉት ፓምፕ ተነጋገሩ። ፓኔሉ በማን ማሳ ላይ ይቁም በሚለው እስከ ቀትር ተጨቃጨቁ። ሳይስማሙ ተበተኑ። ጋሽ ተሰማ ግን እየተነሡ፣ «ከእኔ መሬት ድንጋያማው ጥግ አለ፤ እዚያ ይቁም ብዬ ነበር፣ ማን ሰማኝ» ሲሉ ስንታየሁ ሰማቻቸው።