ስም ያላገኘው እብጠት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ወደ ጠርዙ ማዛወር ነበር። አንገቱ ላይ የወጣው እብጠት ገፍቶ ሸሚዙ አልቆለፍ ብሎት ነበር።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዲላ ውስጥ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቷል። ሥራው ሐኪም የጻፈውን የበሽታ ስም በኮድ መመዝገብ ነበር። አስታማሚዎች በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ጋሼ፣ ካንሰር ነው እንዴ?» ሲሉት፣ «ሐኪሙ ያልጻፈውን እኔ አልጨምርም» ይላቸው ነበር።

ከራሱ እብጠት የተወሰደው ናሙና ለምርመራ ሐዋሳ ተልኮ «ክፉ ይሁን ደህና መለየት አልተቻለም» የሚል ውጤት መጣ። «ለዚህም እኮ ኮድ አለ» ብሎ ቁጥሩን በቃሉ ነገረኝ።

ያን ቀን ቁልፉን እየሰፋሁ፣ «ቁጥሩን ተወውና አንተ ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«እኔ መዝጋቢ ነኝ፣ አንቺ ሴት። ይልቅ ጣትሽን እንዳትወጊ።»

ናሙናው ይደገም ተብሎ ነበር፤ ሳይደገም ሞተ። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «ምን ነበር ያመመው?» አለኝ። የምነግራቸው ስም አልነበረኝም፤ ከእንግዲህም አላገኝም።

አሁን ልጆቼ ከይርጋጨፌ ሲመጡ፣ እየሳምኳቸው አንገታቸውን እዳብሳለሁ።